ከ«ሰርቪስ» እስከ ክረምት ማጠናከሪያ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መምህር ሲሆን

በ1957 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ ግዴታ ሥራ ላይ አዋለ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርዶ ማገልገል አለበት፤ ካላገለገለ ዲግሪ የለም። ስሙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበር። ተማሪው ግን ባጭሩ «ሰርቪስ» ይለው ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየአውራጃው ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህር አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1955 ዓ.ም መግቢያ፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹን ወደ 280 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ልኮ ነበር፤ አብዛኞቹ የገቡት ወደ ክፍል ነው። ባሕር አቋርጦ የመጣ ወጣት በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሲያስተምር፣ የሀገሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ አይወጣም ነበር። ሰርቪስ ይህን ለወጠ።

ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። አንድ ዓመት ከዕድሜ ላይ ተቀንሶ ነው የሚሄደው፤ ግዴታ መሆኑም አከራክሯል። ሆኖም አብዛኛው ዘማች ጠመኔ ይዞ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመ። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ አስተማረ። መስከረም ላይ የተቀበለውን ክፍል ሰኔ ላይ አስፈትኖ አስረከበ። የትኛው ልጅ ክፍልፋይ እንደማይገባው፣ የትኛው እያነበበ እንደሚደናቀፍ የሚያውቀው ዓመቱን ሙሉ አብሮት ስለዋለ ነው።

መምህሩም ተምሯል። ጭሰኛው ከምርቱ ምን ያህል ለባለመሬቱ እንደሚሰጥ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተማሪው አባት ሰማ። ብዙዎች ያዩትን ይዘው ወደ ስድስት ኪሎ ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ክርክርም በእነሱ በኩል ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ። ዩኒቨርሲቲው መምህር ልኮ ነበር፤ የተመለሱለት ብዙዎቹ ሥርዓቱን የሚጠይቁ ወጣቶች ነበሩ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ከፈተ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ በጠቅላላው ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ገጠር ወጣ። ፊደል ማስቆጠር ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ግን ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ዘማቹ የገበሬ ማኅበር አደራጅ፣ ከባለመሬት ጋር ተፋላሚ ሆነ። ከአስተዳደር ሹማምንት ጋር የተጋጨ፣ የታሰረ፣ የሞተም አለ። ብዙዎች ጥለው ተመለሱ። ፊደሉ ከሌላው ሥራ ኋላ ቀረ።

ሦስተኛው ሙከራ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ 15 ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ሸለመው። ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ያልነበራቸው ሚሊዮኖች ተመዘገቡ። ይህን ማሳነስ ፍትሐዊ አይደለም፤ ለብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የዚያን ጊዜ የመጣ ጸጋ ነው። ነገር ግን ዙሩ አልቆ ዘማቹ ሲሄድ፣ የሚነበብ ነገር ባልነበረበት ቀበሌ ፊደሉም አብሮ ተረሳ።

ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ ነገር ያያል። ዘመቻው ቁጥሩ የገዘፈ ነበር፤ ሰርቪስ ግን አንድን ልጅ ከአንድ መምህር ጋር ዓመት ሙሉ አቆየ። ንባብና ሒሳብ በአንድ ጉብኝት አይያዙም። ትናንት የተሳሳተበትን የሚያስታውስ፣ ነገም የሚመለስ ሰው ይፈልጋሉ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስት አንዱ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱን ቁጥሮች የሚለያዩአቸው 12 ዓመታት ናቸው፤ 2ኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ተአምር አይሠራም።

ዛሬም ክረምት ሲገባ ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀበሌ አዳራሽ ወይም በባዶ ክፍል የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያስጠናል። ይህ የሚደነቅ ነው። ችግሩ መስከረም ሲጠባ እሱ ወደ ግቢው፣ ልጁ ወደ 70 እና 80 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል መመለሳቸው ነው። የቀረው የምስክር ወረቀትና የመዝጊያ ቀን ፎቶ ነው።

በ1957 ደንቡን ያወጣው አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ አጥራቸው ሥር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌለበት ጥቂቱ ነው። አዲስ ዘመቻ፣ አዲስ መፈክር፣ አዲስ ቲሸርት አያስፈልግም። አንድ ተማሪ በሳምንት ሁለት ከሰዓት አጥሩን ተሻግሮ፣ ዓመቱን ሙሉ እነዚያኑ አምስት ልጆች ቢያስነብብና ቢያስቆጥር ይበቃል። ስማቸውን ካወቀ፣ የቀሩበትን ቀን ከጠየቀ፣ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

የሰርቪስ ዘማቾች ዛሬ አዛውንት ናቸው። ያስተማሯቸው ልጆችም ሸብተዋል። አጥሩን የሚሻገረው ቀጣዩ ተማሪ ማን ነው?