በገዛ አንደበታቸው፦ ስለ ስኮትላንድ ተዋንያን

የስኮትላንድ ተዋናይ ሲባል የብዙው ተመልካች ሐሳብ ቀድሞ የሚያርፈው በሾን ኮነሪ ላይ ነው። በ1962 ጄምስ ቦንድ ሆኖ ብቅ ካለበት ጊዜ አንሥቶ ይህ የኤዲንበራ የሠራተኛ ሠፈር ልጅ በሲኒማው ዓለም ያልደረሰበት ማእዘን የለም (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነኝ። የማደንቀው ግን ሽጉጡንና አለባበሱን ሳይሆን አንደበቱን ነው። ኮነሪ በ1975 የሞሮኮ በርበሮች አለቃ፣ በ1987 የአየርላንድ ተወላጅ የሆነ የቺካጎ ፖሊስ፣ በ1990 ደግሞ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሆኖ ሲጫወት ሦስቱም የተናገሩት በኤዲንበራ ዘዬ ነበር። ሃያስያን በዚህ ሲያፌዙበት ኖረዋል። ፌዙ ጨርሶ መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም፤ የሩሲያ አዛዥ እንደ ኤዲንበራ ወተት አዳይ ሲናገር መስማት ፈገግ ያሰኛል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ግትርነት መስሎ ከሚታየው ነገር በስተጀርባ የአንድ ሕዝብ የመድረክ ታሪክ አለ። ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ስኮትላንድ የተውኔት ባህል ያጣች አገር አልነበረችም። ሰር ዴቪድ ሊንድሴይ የተባለው ባለቅኔና የቤተ መንግሥት ሰው «የሦስቱ መደቦች ምጸት» የተሰኘውን ታላቅ ተውኔቱን በ1552 በኩፓር ከተማ፣ በ1554 ደግሞ በኤዲንበራ በአደባባይ አሳይቷል። ካህናቱን፣ መኳንንቱንና ነጋዴዎቹን በየተራ የሚሸነቁጥ፣ ድኻውም ከተመልካቹ መካከል ተነሥቶ አቤቱታውን የሚያሰማበት ሥራ ነው። የተጻፈውም በአገሩ ቋንቋ በስኮትስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በ1560 የጸናው የሃይማኖት ተሐድሶ ቴአትርን በክፉ ዓይን ተመለከተው፤ በ1603 ደግሞ ንጉሥ ጄምስ 6ኛ የእንግሊዝን ዘውድ ወርሶ ከነአጃቢው ወደ ለንደን ተጓዘ። የጥበብ ጠባቂው ቤተ መንግሥት ሲሄድ የአገሩ ቋንቋ የመድረክ ክብሩን አጣ። ባለቅኔው አለን ራምዚ በ1736 በኤዲንበራ ቴአትር ቤት ቢከፍትም በማግስቱ ዓመት የወጣው የፈቃድ ሕግ አዘጋው። ከእነዚህ ዘመናት ወዲህ ለረዥም ጊዜ በከባድ ድራማ ስም ማትረፍ የፈለገ ስኮትላንዳዊ ተዋናይ የለንደንን አነጋገር መማር ግድ ሆነበት።

በገዛ ዘዬው የቀረው የሙዚቃ አዳራሹ ቀልደኛ ነበር። ሃሪ ሎደር የአገሩን ሽርጥ አገልድሞ፣ ጠማማ ከዘራውን ይዞ አገሩን በዓለም ዙሪያ አስቋል፤ በ1919ም የ«ሰር» ማዕርግ ተሰጥቶታል። ችሎታውን አልክድም። ነገር ግን ዘዬን ይዞ መውጣትና ዘዬን ማክበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሎደር ስኮትላንዳዊ የተፈጠረው ሌላው እንዲስቅበት ነው።

በእኔ ግምት ይህን የገለበጠው የመጀመሪያው ታላቅ ተዋናይ ደንከን ማክሬይ ነው። በ1905 በግላስጎ የተወለደው ማክሬይ መተዳደሪያው መምህርነት ሲሆን ተዋናይነቱ ከሥራ ሰዓት ውጪ ነበር። ቀጭን፣ ረዥም፣ ፊቱ በዐጥንት ብቻ የተቀረጸ የሚመስል ሰው ነበር። በ1937 በሮበርት ማክሌላን የስኮትስ ተውኔት ውስጥ ያንኑ ወደ ለንደን የሄደውን ንጉሥ ጄምስን ሆኖ ተጫወተ። ከሦስት ምዕተ ዓመት በላይ የሙዚቃ አዳራሽ ማሳቂያ ወደ መሆን የወረደው ቋንቋ እንደገና ከንጉሥ አፍ ወጣ። ማክሬይ ሲያስቅም የሚያስቀው ገጸ ባሕርይው እንጂ ዘዬው አይደለም። ልዩነቱ በጣም ቀጭን ነው፤ በመድረክ የሠራ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ከዚያም 1948 መጣ። አዘጋጁ ታይሮን ገትሪ የሊንድሴይን «ምጸት» ከአራት መቶ ዓመት ገደማ እንቅልፉ ቀስቅሶ በኤዲንበራ ፌስቲቫል አቀረበው። ከተዋንያኑም አንዱ ማክሬይ ነበር። ትርኢቱ የታየው በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቴአትርን ያሳደደው ወገን አዳራሹን ለቴአትር ሰጠ ማለት ነው፤ ሊንድሴይ ራሱ ከዚህ የተሻለ ምጸት ሊጽፍ የሚችል አይመስለኝም።

ይህ በከፍተኛው መድረክ የሆነው ነው። ከታች ደግሞ በጦርነቱ መካከል፣ በ1941፣ በግላስጎ የነበሩ አማተር ቡድኖች ተባብረው «ግላስጎ ዩኒቲ» የተባለውን ቴአትር መሠረቱ። ብዙዎቹ ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ የሚለማመዱ ሰዎች ነበሩ። የማክሲም ጎርኪን «በአዘቅት ውስጥ» በግላስጎ ዘዬ ተጫወቱት፤ የሩሲያው የድኾች ማደሪያ የግላስጎ የድኾች ማደሪያ ሆነ። በ1946 ያቀረቡት የሮበርት ማክሊሽ «የጎርበልስ ታሪክ» ስለ ቤት እጦት የሚናገር ተውኔት ነበር፤ በ1948 ለንደን ደረሰ፣ በ1950 ፊልም ሆነ። በ1947 የመጀመሪያው የኤዲንበራ ፌስቲቫል ሲከፈት ዩኒቲ ጥሪ አልደረሰውም። ይሁን እንጂ ሳይጠሩ ከሄዱት ስምንት ቡድኖች አንዱ እርሱ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው የኤዲንበራ «ፍሪንጅ» የተጀመረው በእነዚሁ ያልተጋበዙ እንግዶች ነው። ዩኒቲ የመንግሥት ድጎማ ተነፍጎት በ1951 ገደማ ፈረሰ። ተዋንያኑ ግን አልፈረሱም።

ከእነርሱ መካከል ለእኔ ልዩ ቦታ ያለው ሮዲ ማክሚላን ነው (1923–1979)። በወጣትነቱ መስተዋት በሚሞረድበት ወርክሾፕ ሠርቷል። በ1973 የጻፈውና ራሱም የተጫወተበት «ዘ ቤቨለርስ» የተሰኘው ተውኔት የዚያ ወርክሾፕ የአንድ ቀን ውሎ ነው፤ አዲስ የገባ ለማጅ፣ አሮጌ ሠራተኞች፣ አቧራና ጭካኔ። ማክሚላን የሠራተኛውን ንግግር አላስጌጠውም፣ አላቆላመጠውምም። ስለ ሠራተኛው የሚጻፉ ብዙ ተውኔቶች ሠራተኛውን መልአክ ሲያደርጉት እዚህ ግን ሠራተኛ በሠራተኛ ላይ ሲጨክን እናያለን፤ ቋንቋውም የጭካኔው መሣሪያ ነው። ተዋናዩ ደራሲ ሲሆን እንዲህ ያለ እውነት አንዳንድ ጊዜ ይገኛል።

በዚያው በ1973 የተደረገው ሌላ ነገር ደግሞ ከቴአትር ቤት ውጪ ነበር። ጸሐፌ ተውኔት ጆን ማክግራዝ «7፡84» የተሰኘውን ቡድን የስኮትላንድ ክፍል አቋቋመ። ስያሜው የተወሰደው በ1966 በታተመ አኃዝ ከአገሪቱ ሕዝብ 7 በመቶው ከሀብቱ 84 በመቶውን ይዟል ከተባለው ነው። ቡድኑ ያቀረበው ተውኔት ስለ በግ፣ ስለ አጋዘንና ስለ ነዳጅ ዘይት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የደጋው ገበሬ ለበግ ግጦሽ ሲባል ከመሬቱ ተነቀለ፤ ቀጥሎ መሬቱ የባላባቶች የአጋዘን ማደኛ ሆነ፤ በመጨረሻም የሰሜን ባሕር ዘይት መጣ። ተዋንያኑ፣ ከነዚህም ቢል ፓተርሰን፣ አሌክስ ኖርተን፣ ጆን ቤት፣ ኤሊዛቤትና ዶሊና ማክሌናን ይገኛሉ፣ በመኪና እየተጫኑ በየመንደሩ አዳራሽ ዞሩ። መድረካቸው ሠዓሊው ጆን በርን የሠራው ግዙፍ መጽሐፍ ነበር፤ ገጹ ሲገለጥ ተራራው ብድግ ይላል። ትርኢቱ ሲያበቃ ወንበሩ ተነሥቶ ጭፈራ ይጀመራል።

በዚህ ሥራ የአንደበቱ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ወጣ። አንድ ተዋናይ በአንድ ምሽት መሬት ነጣቂውን በጌቶች እንግሊዝኛ፣ የዘይት ነጋዴውን በቴክሳስ አነጋገር ይናገራል፤ መዝሙሩ ደግሞ በጌሊክ ይዜማል። ስለዚህ ማን በማን ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ ተመልካቹ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ በጆሮው ይሰማዋል። በሰሜኑ አዳራሾች ከተቀመጡት ብዙዎቹ ከመሬት የተነቀሉት ሰዎች የልጅ ልጆች ነበሩ። በ1974 የቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ሥራውን ለመላው አገር አሳየው። ያው ቡድን በ1982 የዩኒቲን ደራሲ የኢና ላሞንት ስቱዋርትን «ወንዶች ሊያለቅሱ ይገባል» ከ35 ዓመት በኋላ ወደ መድረክ መለሰው፤ በሥራ አጥነት ዘመን የአንዲት የግላስጎ እናት ታሪክ ነው። ደራሲዋ በሕይወት ነበረችና ትንሣኤውን አየች። ማክግራዝ በ1988 ከድጎማ ጋር በተያያዘ ውዝግብ ቡድኑን ለቀቀ። ስኮትላንድ ብሔራዊ ቴአትር ያገኘችው በ2006 ነው፤ እሱም የራሱ አዳራሽ ሳይኖረው በየከተማው እየዞረ።

ወደ ኮነሪ ልመለስ። ስለ አገሩ ነፃነት አጥብቆ እየተናገረ ራሱ በስፔንና በባሃማስ በመኖሩ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል፤ ወቀሳው ተገቢ ይመስለኛል። በአንጻሩ በ1971 ከተሠራው የቦንድ ፊልም ያገኘውን ክፍያ ለስኮትላንድ ወጣቶች ትምህርት መርጃ ሰጥቷል። ብዙ አድናቂዎቹ የማያውቁት ግን በ1967 ራሱ ያዘጋጀውን ዘጋቢ ፊልም ነው። ርእሱ «ቆቡና ባርኔጣው» ለማለት ይቀርባል፤ ክቡ ጥቁር ባርኔጣ የአለቆቹ፣ ጠፍጣፋው ቆብ የሠራተኞቹ መለያ ነው። የተቀረጸው በግላስጎ ጎቫን በሚገኘው የፌርፊልድስ መርከብ መሥሪያ ሲሆን፣ አለቃና የሠራተኛ ማኅበር ተስማምተው ፋብሪካውን ከመዘጋት ለማዳን ያደረጉትን ሙከራ ያሳያል። በዚያው ዓመት ቦንድ ሆኖ ጃፓን ውስጥ ሲዋጋ በሲኒማ ቤቶች የታየው ሰው፣ በዚህ በጥቁርና ነጭ በተሠራ ፊልም በመርከብ ገላዎች መካከል እየተዘዋወረ ስለ ብየዳና ስለ ደመወዝ ያወራል። ድምፁ በሁለቱም ፊልሞች አንድ ነው፤ እዚህ ግን በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንደ እርሱ ይናገራሉ።