ከሙጫ ወደ ድርብ ገጽ፤ የማስታወሻ አልበም ወረቀት ታሪክ

የቤተሰብ ፎቶግራፍን፣ ደብዳቤንና የጉዞ ቲኬትን በአልበም ለጥፎ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ እጅግ ተስፋፍቶ ስለ ነበር፣ ማርክ ትዌይን በሚለው የብዕር ስሙ የሚታወቀው ደራሲ ሳሙኤል ክሌመንስ አስቀድመው ሙጫ የተቀቡ፣ ሲረጥቡም የሚያጣብቁ ገጾች ያሉት አልበም ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል።

ይሁን እንጂ ሙጫ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። የተለጠፈ ፎቶግራፍ ሲላቀቅ ብዙ ጊዜ ይቀደዳል። አሲድ ያለበት ወረቀትም ከጊዜ ብዛት ይወይባል፤ ይሰባበራል፤ ከእርሱ ጋር የተነካካውንም ሥዕል ያበላሻል። ስለሆነም ገጹን የማስዋብ ፍላጎትና ፎቶግራፉን የመጠበቅ ግዴታ ለረጅም ዘመን ሲጋጩ ኖረዋል።

ታችኛውን ሳይነኩ በላዩ መደረብ የሚለው መፍትሔ የመጣው ከአልበም ሠሪዎች ሳይሆን ከሌላ ሙያ ነው። አሜሪካዊው የካርቱን ፊልም ባለሙያ ኧርል ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1914 ባቀረበው የፈጠራ ማመልከቻ፣ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ ሥሎ ከጀርባ ሥዕሉ በላይ ማኖርን አስተዋወቀ። በዚህም የጀርባ ሥዕሉን በየጊዜው እንደገና መሣል ቀረ።

ይኸው አሳብ ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ከቀለሙ ሌላ የማሳለፍ መጠኑን የሚያመለክት ቁጥር ሰጡት፤ አልፋ ቻነል የሚባለውም ይኸው ነው። ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ደግሞ ሥዕልን በሥዕል ላይ የመደረብን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1984 በሥርዓት አቀረቡት።

የቶማስና የጆን ኖል ወንድማማቾች ሥራ የሆነው ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ቢቀርብም፣ በመጀመሪያዎቹ እትሞቹ የተደረበው ሥዕል ከታችኛው ጋር ተዋሕዶ ይቀር ነበር፤ ይኸውም እንደ ሙጫው መሆኑ ነው። ሌየር የሚባሉት ራሳቸውን የቻሉ ገጾች የታከሉት በ1994 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው።

የአልበም ወረቀት አዘጋጂዎች ዛሬ የሚጠቀሙበት ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። የተጨማደደ ወረቀት፣ የጆንያ ጨርቅ ወይም ያረጀ ግድግዳ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቀለሙ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ከዚያም በለስላሳው ወረቀት ላይ እንደ ሌየር ይነጠፋል። መልቲፕላይ በተባለው ስልት የሁለቱ ገጾች የብርሃን መጠን ስለሚባዛ፣ ነጩ ክፍል ለውጥ አያመጣም፤ ጥቁር እጥፋቱ ግን ጎልቶ ይታያል። በኦቨርሌይ ስልት ከመካከለኛው ግራጫ የደመቀው ታችኛውን ያፈካል፤ የጠቆረው ያጠቁራል። ፍጹም ነጭ በሆነ ወረቀት ላይ ግን ኦቨርሌይ ምንም ምልክት ስለማይተው፣ እንዲህ ላለው ወረቀት መልቲፕላይ ይመረጣል። የሌየሩን ጥራት መጠን በመቀነስም ሸካራነቱ ከፎቶግራፉ ጋር እንዳይሻማ ማድረግ ይቻላል።

ነገር ግን አሮጌው አደጋ መልኩን ለውጦ ተመልሷል። ሥራው ተጠናቆ ሌየሮቹ ወደ አንድ ሲጨፈለቁ፣ ወይም ፋይሉ ሌየር በማይዘው በጄፔግ ዓይነት ብቻ ሲቀመጥ፣ የተደረበው ሸካራነት ከፎቶግራፉ ጋር እንደገና ይጣበቃል። ከዓመታት በኋላ የአያትን ፊት ለማጥራት የሚፈልግ የልጅ ልጅ፣ ያልነበረ ጭረትና እጥፋት ከፊቱ ላይ ያገኛል፤ የትኛው የዘመን አሻራ፣ የትኛው ጌጥ እንደ ሆነ ሊለይ አይችልም።

ስለዚህ የሌየሮቹን ፋይል ሳይጨፈልቁ፣ ዋናውንም ፎቶግራፍ ሳይነኩ ለብቻቸው ማስቀመጥ ተራ ጥንቃቄ ሳይሆን የሙያው ግዴታ ነው። ከሴሉሎይዱ እስከ ሌየሩ የተደረገው ጥረት ሁሉ ታችኛው ገጽ ሳይጎዳ እንዲቆይ ነበርና።