የአባቶች ቍጥርና የመዝገብ ምስክርነት በወለጋ

ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት የካህናት ወገኖች አንዳንዶቹ የትውልዳቸውን መጽሐፍ ፈልገው ስላላገኙት ከክህነት እንደ ተከለከሉ በመጽሐፈ ዕዝራ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች የአባቶቻቸውን ስም አላጡም ነበር፤ ያጡት ስሙን የሚመሰክርላቸውን ጽሑፍ ነው። በወለጋ ምድር የቤተ ሰብን ሐረግ ለማግኘት የሚደክም ሰው የሚገጥመው ችግር ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል፤ ዳሩ ግን ሁለት መልክ አለው። ትውልዱ በአፍ የሚቈጠርለት ሰው ጽሑፍ ይጐድለዋል፤ የሚቈጥርለት ወገን የጠፋበት ሰው ደግሞ ባልታሰበ ስፍራ፥ በባሕር ማዶ መዝገብ፥ ስሙ ከነአባቱ ተጽፎ ይገኛል።

ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ፥ ከሻምቡ እስከ ነጆ፥ የሜጫ ኦሮሞ ሽማግሌዎች አባቶቻቸውን ወደ ላይ ሲቈጥሩ ሰምቶ የማያደንቅ የለም። ይህ ቍጥር ለመመካት ብቻ የተደረገ አይደለም። ሰው ከየትኛው ጎሣ እንደ ሆነ፥ ከማን ጋራ ጋብቻ እንደማይፈቀድለት፥ በየትኛው ምድር ድርሻ እንዳለው፥ ነፍስ በጠፋ ጊዜም የደም ካሣውን፥ ማለት ጉማውን፥ ከማን ጋራ እንደሚከፍል የሚታወቀው በእርሱ ነበር። ስለዚህ የቍጥሩ ዋና ሥራ ሥጋና ደምን መመርመር ሳይሆን ማን የማን ወገን እንደ ሆነ መወሰን ነው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የአሳዳጊውን አባቶች እንደ ወለዱት አባቶች ይቈጥራል። በሞጋሳ ሥርዓት ደግሞ ሌላ ሕዝብ በሙሉ በጎሣው ስም ይጠራና ከጥቂት ትውልድ በኋላ መገናኛው ስፌት አይታይም። በወለጋ ቀድሞ የገቡት ቦረና፥ በኋላ የተቀበሏቸው ገበሮ እየተባሉ ይለዩ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከገበሮ ቤት የተወለደ ሰው ዛሬ የሚቈጥረው የቦረናውን አባት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው የአፍ ትውልድ ውሸት ነው ይላሉ። አባባላቸው የችኰላ ነው፤ አንድ ሕግ የፈቀደውን አባትነት ውሸት ማለት ሕጉን አለማወቅ ነውና።

ጽሑፍ በብዛት የሚገኘው ከገዢዎች ቤት ነው። የለቃ ነቀምቴን ግዛት ያቋቋመው በከሬ ጎደና ልጁን ሞሮዳን ተካ። ሞሮዳ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ ለምኒልክ ገብቶ ግዛቱን ጠበቀ። ከእርሱ በኋላ ልጁ ኩምሣ፥ ከኩምሣም በኋላ ሀብተ ማርያም ገዙ። በነቀምቴ የሚገኘውና ዛሬ ቤተ መዘክር የሆነው የኩምሣ ሞሮዳ ግቢ በውስጡ የአማርኛ ደብዳቤዎችንና የግብር ጽሑፎችን ይዞ ቈይቶ ነበር። እነዚህም ከቄለም ከተገኙት ጋራ ተሰብስበው በአሌሳንድሮ ትሪውልዚና በተሰማ ታአ አዘጋጅነት በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትመዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚመረምር ሰው ግን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ኩምሣ ክርስትና በተነሣ ጊዜ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ስለዚህ ኩምሣ ሞሮዳና ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞሮዳ ለማያውቅ ሰው ሁለት ወንድማማቾች ይመስላሉ። መኳንንት ምኒልክ አባ ዳኘው እንደ ተባሉት በፈረስ ስም መጠራታቸው ሲጨመርበት አንዱ ሰው ሦስት ይሆናል። ሌላው ችግር ፊደሉ ነው። ጸሐፊው ኦሮምኛ የማያውቅ ሲሆን የድምፁን ርዝመትና መጥበቅ ሳይለይ እንደ ሰማው ይጽፋል፤ የአንዱ ሰው ስም በአንዱ ወረቀት በሳድስ፥ በሌላው በካዕብ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ከሁሉም ይልቅ የግብር ጽሑፍ ከፋዩን እንጂ ቤተ ሰቡን አይቈጥርም። ሚስት፥ ሴት ልጅና ታናሽ ወንድም የሉበትም፤ መሬትና ርስት የሌለውማ ጨርሶ አይታወቅም።

አሁን ነገሩ ወደ ጨለማው ክፍል ይደርሳል። ባለፈው መቶ ዓመት ከዚያም በፊት ከወለጋ፥ ከኢሉባቦርና ከጊቤ አገሮች ስንት ሕፃናት ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ሱዳን ገበያ እንደ ተነዱ ማንም በቍጥር ሊናገር አይችልም። ባሪያ የሆነ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው አባቱን ነው፤ ጌታው አዲስ ስም ያወጣለታል፥ ልጆቹም የሚቈጥሩት አባት የላቸውም። የተወሰደበት ቤትም ቢሆን ከጥቂት ትውልድ በኋላ ዘር ሳይተካ እንደ ሞተ ሰው ይዘለዋል።

ከእነዚህ መካከል በወለጋ ስሙ የታወቀው አናሲሞስ ነሲብ ነው። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አቅራቢያ ተወልዶ ሒካ ተባለ፤ ትርጓሜውም አስተርጓሚ ማለት ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጠ በኋላ በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚስዮን ተሰጠ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠምቆ ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ እርሱ የጻፈለትን የባሪያውን ስም ተቀበለ። ኋላም መጽሐፍ ቅዱስን በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ ተርጕሞ በ1899 አሳተመ፤ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ በዚያው በ1931 አረፈ። የትውልድ መርማሪ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የጥምቀት ስም ሲቀበል የአባቱን የነሲብን ስም አልተወም። ገና ሕፃን ሳለ የሞተበትን አባት በስሙ አጠገብ ይዞ በመኖሩ ሐረጉ አልተበጠሰም።

ሁሉ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በ1888 በመስከረም ወር የእንግሊዝ የጦር መርከብ ኦስፕሬይ በአዛዡ በቻርልስ ጊሲንግ እየተመራ በቀይ ባሕር ላይ ሦስት ጀልባዎችን ያዘ፤ በውስጣቸውም 204 ባሮች ተገኙ። ከእነዚህና በሚከተለው ዓመት ከተያዙት መካከል የኦሮሞ ልጆች በኤደን አጠገብ በሼክ ዑስማን ለነበረው የስኮትላንድ ሚስዮን ተሰጡ። የአገሩ አየር ስላልተስማማቸው ብዙዎች ታመሙ፥ ሞቱም። በ1890 ስድሳ አራቱ፥ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፥ በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ከመሄዳቸው በፊት ሚስዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ በአስተርጓሚ እየጠየቁ መልሱን ጻፉ፤ አገርህ ማን ይባላል፥ የወላጆችህ ስም ማን ነው፥ አባትህ ምን ያህል መሬትና ከብት ነበረው፥ ማን ወሰደህ፥ በስንት ተሸጥህ፥ በየትኛው መንገድ አለፍህ እያሉ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል ይህን ጽሑፍ መርምራ በ2018 በመጽሐፍ አወጣችው። ከባርነት የወጣ ሕፃን በራሱ አንደበት የነገረውን ያህል ስለ ዘመኑ ተራ ቤተ ሰብ የሚናገር ጽሑፍ በግብር ደብተር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ይህ ዕጣ በሌላም አገር ደርሷል። ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በምትባለው የካናዳ ክፍል አካድያውያን የሚባሉ ከፈረንሳይ የመጡ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። በ1755 በመስከረም ወር የእንግሊዙ ጦር አለቃ ጆን ዊንስሎ የግራን ፕሬን ወንዶች ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ጠርቶ ዘጋባቸውና አገራቸውን ለቀው እንደሚሄዱ ነገራቸው። ስማቸውን፥ የልጆቻቸውንና የበሬዎቻቸውን ቍጥር ጻፈ፤ 418 ወንዶች ነበሩ። ለማባረር የተጻፈው ዝርዝር ዛሬ ለተባረሩት ልጆች የርስት ደብዳቤ ያህል ይቈጠራል። የግራን ፕሬ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ከስደተኞቹ ጋራ እስከ ሉዊዚያና ተሻግሮ ዛሬ በባተን ሩዥ ሀገረ ስብከት ይገኛል። ወደ ፈረንሳይ ደሴት ወደ ቤል ኢል የገቡት 78 ቤተ ሰቦች ደግሞ በ1767 በካህናት ፊት እየቀረቡ አባቶቻቸውን እስከሚያስታውሱት ድረስ በመሐላ ቈጠሩ፥ ተጻፈላቸውም። የወለጋ ሽማግሌ የሚያደርገውን እነርሱም አደረጉ፤ ልዩነቱ በአጠገባቸው ብዕር የያዘ ሰው መገኘቱ ነው።

በወለጋ ከተሞች ብዕር የያዘ ሰው አሁን አልጠፋም፤ የጠፋው ፈቃድ ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ከአያቶቹ አንዱ ባሪያ ሆኖ እንዳይገኝ ስለሚፈራ ምርመራውን በደጃፍ ይመልሰዋል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፥ በዚህ ምክንያት ልጅ ያልተዳረለት አለና። ሆኖም በዝምታ የሚጠበቀው የባሪያው ክብር ሳይሆን የሻጩ ነው። ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በክርስትና መዝገብ የጥምቀቱን ስም ብቻ ጽፎ የቤቱን ስምና የእናቱን ስም የሚተው ጸሐፊ፥ ኩምሣን ከገብረ እግዚአብሔር ለይቶ ሁለት ሰው እንደሚያደርገው ወረቀት ያለ ግራ መጋባት ለሚመጣው ትውልድ ያወርሳል።

ከላቭዴል ልጆች 17ቱ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሣ ነበረች። ወላጆቿ በድርቅና በበሽታ ሞተውባት የተሸጠች ስትሆን በላቭዴል ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ በ1911 ፍሬድሪክ ሼፐርስ የሚባል ሰባኪ አገባች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በዘር መለያየት አገዛዝ ዘመን ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት ታስሮ የነበረው ዝነኛ ሊቅ ነው። አያቱ በእርጅናዋ ለብቻዋ የምትናገረውን ቋንቋ በልጅነቱ አላወቀውም ነበር፤ ከወዴት እንደ መጣች የተረዳው ከጐለመሰ በኋላ ነው። እናቱን ግን ቢሾ በእንግሊዝም በደች ስም አልጠራቻትም፤ ዲምቢቲ አለቻት፥ በኦሮምኛ የትንሽ ወፍ ስም ነው።