ከቀላድ እስከ ካሣ፦ የንብረት ግምት አጭር ታሪክ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የዕቃ ቤታችን ንብረት ሲቆጠር፣ በትልቁ ድንኳን ዋጋ የተነሣውን ክርክር የምታስታውሱት ይመስለኛል። ገንዘብ ያዣችን «በመዝገብ የሚሰፍረው የተገዛበት ዋጋ ነው» አሉ። አንድ አባል ተነሥተው «የለም፣ ዋጋው ዛሬ ገበያ ብናወጣው የሚያወጣው ነው» ሲሉ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ እሱ ቢቃጠል ሌላ ለማሰፋት ስንት ይጠይቀናል? እሱን ጻፉ እንጂ!» አሉን። አንዱ ቀልደኛ ደግሞ «ብናከራየውስ በዓመት ስንት ያስገባል?» አለ። ሁላችንም ስቀን ተለያየን።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ነገሩ የሚያሥቅ ብቻ አልነበረም። ገንዘብ ያዣችን የተናገሩት የሒሳብ መዝገብ ዋጋ ነው። የቀሩት ሦስቱ ግን ሳያውቁት የተናገሩት፣ የዓለም ገማቾች ሁሉ የሚሠሩባቸውን ሦስት መንገዶች ነው። የመጀመሪያው በቅርቡ ከተሸጡ ተመሳሳይ ንብረቶች ጋር ማወዳደር ነው። ሁለተኛው ያንኑ ንብረት ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚጠይቀውን ወጪ ማስላት ነው። ሦስተኛው ከሚያስገባው ገቢ መነሣት ነው። ለምሳሌ አንድ ቤት በወር 3,000 ብር ቢከራይ በዓመት 36,000 ብር ያስገባል። ገዢው በገንዘቡ በዓመት ከመቶ 9 ማግኘት የሚፈልግ ከሆነ ቤቱ 400,000 ብር ያወጣል ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ቤት እንደ አገማመቱ መንገድ ሦስት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «ስንት ያወጣል?» ከማለት በፊት «በየትኛው መንገድ? ለምን ጉዳይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በአገራችን ግምት አዲስ ነገር አይደለም። መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ይቆጠር በነበረበት ዘመን፣ አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ሲሆን፣ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ በሦስት ይመደብ ነበር። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት በተለካ መሬት ላይ ግብርና አስራት ተደምሮ በጋሻ ለለሙ 50 ብር፣ ለለም ጠፉ 40 ብር፣ ለጠፉ 15 ብር ይከፈል ነበር። አንዲት ቃል በመዝገብ ላይ ስትለወጥ የገበሬው ዕዳ እንዴት እንደሚለወጥ ልብ በሉ። «ለም» ወይስ «ጠፍ» የሚለው የገማቹ አፍ የቤተሰብ ጎተራ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ አስራቱ ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ሐሳቡ ከመሬቱ ዓይነት ይልቅ ከሚገኘው ምርት መነሣት ነበር፤ ከላይ ያየነው ሦስተኛው መንገድ መሆኑ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ገማቾቹን አላመናቸውም። በተለይ በጎጃም፣ ከግምቱ በኋላ ቀላድ ይከተላል፣ ርስታችን ይሄዳል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ ገበሬው ዐመፀ፤ ደምም ፈሰሰ። በኋላ መንግሥት ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ። ከዚህ የምንማረው፣ ገማቹ ካልታመነ ስሌቱ ቢያምርም ዋጋ እንደሌለው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የግምት ትርጉም ከሥሩ ተለወጠ። ለቦታ ካሣ የለም ተባለ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ደግሞ የቤት ግብር በዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ተመሠረተ። እኛ «ጣራና ግድግዳ» የምንለው ይኸው ነው። ቦታ የማይሸጥ የማይለወጥ ስለ ሆነ፣ ገማቹ በሕግ ፊት የሚገምተው ከቦታው በላይ ያለውን ብቻ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ፣ በመሬቱ ላይ ለተሠራው ንብረት ግን ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈል ደነገገ።

የካሣው ዝርዝር በአዋጅ ቁጥር 455/1997 እና በደንብ ቁጥር 135/1999 ወጣ። መንገዱ ሁለተኛው፣ የድንኳኗ እናት መንገድ ነው፦ ተመሳሳይ ቤት ዛሬ ለመሥራት ስንት ይጠይቃል? ደንቡ ከቤቱ ጋር የግቢ ንጣፍና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጭምር እንዲታሰብ ይል ነበር። አዋጁ ግምቱ ፈቃድ ባላቸው ገማቾች እንዲሠራ አዝዞ፣ እነሱ እስኪገኙ ድረስ ግን ለኮሚቴ ሰጠው።

በ2001 ዓ.ም. የእኅቴ ቤት ለልማት ሲነሣ የሆነውን ልንገራችሁ። ገማቾቹ የመጡ ቀን እሷ ለቅሶ ላይ ነበረች፤ በሩን የከፈተላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ክፍሎቹን ለክተው ሄዱ። ወረቀቱ ሲደርሳት ግቢው የተነጠፈበት ድንጋይም ሆነ የፍሳሹ ጉድጓድ የለም! እንዲያው ዝም ብላ ልትፈርም ነበር። ደንቡን አንድ ላይ አነበብንና የሲሚንቶና የድንጋይ ደረሰኞቿን አያይዛ አመለከተች። ተመልሰው ለኩ፣ ግምቱም ታረመ። ከጎኗ የነበሩት አዛውንት ግን ጉድጓዳቸው አስቀድሞ ተደፍኖ፣ ደረሰኝም ስላልነበራቸው አቤቱታቸው ሳይሰማ ቀረ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለካ ለዚህ ነው።

በሌላው ዓለምም ሥርዓቱ የመጣው ከጉዳት በኋላ ነው። በለንደን ቀያሾችና ገማቾች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1868 ነበር። በአሜሪካ በ1980ዎቹ ብዙ የቁጠባና የብድር ድርጅቶች ወደቁ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በተጋነነ ግምት የተሰጠ ብድር ነበር። ስለዚህ በ1987 አንድ ወጥ የገማቾች ደንብ ተዘጋጀ፣ በ1989 ደግሞ በሕግ ተደገፈ። የደንቡ ፍሬ ነገር ለእኛም ይገባናል፦ ከውጤቱ የሚጠቀም ሰው አይገምት፤ የገማቹ ደመወዝ በግምቱ ማነስና መብዛት አይወሰን፤ ግምቱ የተሠራበት ቀን፣ ዓላማና መንገድ ተለይቶ ይጻፍ።

ወደ እኅቴ ልመለስ። ካሣዋ ታረመላት፤ ዕድሯ ግን ተበተነ። ሠላሳ ዓመት አብረው የቀበሩ፣ አብረው ያስተዛዘኑ ሰዎች በየአቅጣጫው ሄዱ። በዚያ ወረቀት ላይ ለዚህ መስመር አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሣ የሚባል ነገር ገባ። ጉርብትና በገንዘብ ይተመናል አልልም፤ ግን ሕግ የጎረቤትን መበተን ጉዳት ነው ብሎ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅም ስለ ጸደቀ፣ ግምት ቤታችንን ማንኳኳቱ አይቀርም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የካርታችሁን፣ የግብርና የግንባታ ደረሰኞቻችሁን ቅጂ በአንድ ቦታ አኑሩ፤ ቤቱን ከነግቢው ፎቶ አስነሡ፤ ገማች ሲመጣ እቤት ተገኙ፤ ሳታነቡ አትፈርሙ። ማንበብ ለሚቸግረው ማንበብ የሚችለው ጎረቤት አብሮት ይቁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁምና።

የዕድራችንንም ድንኳን በተመለከተ፣ የእናታችን ሐሳብ ይጽደቅ እላለሁ። በመዝገቡ ከተገዛበት ዋጋ ጎን ዛሬ ለማሰፋት የሚጠይቀው ዋጋ ከነቀኑ ይጻፍ። ለቀጣዩ ጉባኤ ያድርሰን።