ሴሉሎስን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች ጥናት ታሪክ

የዕፀዋት አካል በአብዛኛው የቆመበት ሴሉሎስ በሰንሰለት የተያያዘ ግሉኮስ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1819 የተልባ እግር ቡትቶን በሰልፈሪክ አሲድ ወደ ስኳር ለውጦ አሳይቷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስኳር ከተገኘ ደግሞ አልኮል ማውጣቱ ለማንኛውም ጠማቂ እንግዳ ነገር አይደለም። የአፈር ባክቴሪያዎች ግን ይህንኑ ሥራ ያለ ብርቱ አሲድ ያከናውናሉ። እንዴት እንደሚያከናውኑት ለማወቅ ረጅም ዘመን ፈጅቷል።

በሴንት ፒተርስበርግ የሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ረዳት የነበረው ቫሲሊ ኦመሊያንስኪ በ1890ዎቹ ዓመታት የተጠቀመበት መሣሪያ ማናቸውም ትምህርት ቤት የማያጣው ዓይነት ነበር፤ ጠርሙስ፣ የማጣሪያ ወረቀት፣ ጥቂት ማዕድናዊ ጨው፣ የሚፈጠረውን አሲድ የሚያበርድ ጠመኔ፣ እንዲሁም ከነቫ ወንዝ የተቀዳ ደለል። ከወረቀቱ በቀር ምግብ ስለሌለ፣ ሴሉሎስን ማፍረስ የማይችል ተሕዋስ ሁሉ ይጠፋል የሚል ግምት ነበር። ወረቀቱ ቀስ በቀስ ሟሟ። ከአንዳንዱ ጠርሙስ ሃይድሮጅን፣ ከሌላው ሜቴን ወጣ። ኦመሊያንስኪም ሁለት ዓይነት ሴሉሎስ አፍራሽ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ደመደመ።

ግምቱ ግን ጎደሎ ነበር። ሴሉሎስን ማፍረስ የማይችሉትም ከአፍራሹ ማዕድ በሚተርፈው ይኖራሉ። ሮበርት ኮክ ያስፋፋው አንዱን ዘር ለይቶ የማራባት ዘዴ ለበሽታ ጥናት ታላቅ ድል ቢያስገኝም፣ አየር በሌለበት ለሚኖሩት ለእነዚህ ተሕዋስያን እስከ 1940ዎቹ ዓመታት ድረስ በቀላሉ አልሠራም። በዚያን ጊዜ ሮበርት ሀንጌት የደቀቀ ሴሉሎስ የተቀላቀለበትን አጋር አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ በማዘጋጀት አፍራሾቹን ለያቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የ1967ቱ ግኝት ነው። ለኦመሊያንስኪ መታሰቢያ በስሙ የተሰየመውና አልኮልን ወደ ሜቴን ይለውጣል የተባለው ተሕዋስ በማርቪን ብራያንትና በባልደረቦቹ ሲመረመር ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ከአልኮሉ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሁለተኛው ሃይድሮጅኑን ወስዶ ሜቴን ይሠራል። ሃይድሮጅኑ ካልተነሣለት የመጀመሪያው አይገፋም። አንድ ሥራ ለአንድ ባክቴሪያ እየሰጡ የሚያስተምሩ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ታሪክ ቢያስቡበት ይበጃል።

ከ1973 የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ ምርምሩ ወደ አልኮል ምርት አዘነበለ። በ1926 የተገለጸውና ሙቀት ወዳዱ ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም እንደገና ተፈላጊ ሆነ፤ ሴሉሎስን በቀጥታ ወደ ኢታኖል ይለውጣልና። የቴል አቪቭ ተመራማሪዎች በ1983 ኢንዛይሞቹ የተበታተኑ ሳይሆኑ ሴሉሎሶም በተባለ አንድ ስብስብ የተቀናጁ መሆናቸውን ገለጹ። በ2002 ደግሞ ከማሳቹሴትስ የጫካ አፈር የተገኘው ክሎስትሪዲየም ፋይቶፈርመንታንስ ተገለጸ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ከኢታኖሉ ጋር አሴቲክ አሲድ ያወጣሉ፤ ሴሉሎሱን የከበበው ሊግኒንም መንገዱን ይዘጋል። በዚህም ምክንያት የዓለም ኢታኖል በአብዛኛው አሁንም የሚገኘው ከበቆሎና ከሸንኮራ አገዳ ነው፤ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካም የተመረተው ከሞላሰስ ነው።

ተሕዋስያኑን መለየት የማያሻው ሌላ መንገድ ግን አለ። እበት አየር በማይገባው የባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ አፍራሾቹና ሜቴን ሠሪዎቹ እንደተደባለቁ ይሠራሉ። ኩበት ሆኖ ቢነድድ ከማሳው የሚቀረው ናይትሮጅንም በዝቃጩ ውስጥ ይቆያል።