የተዘጋው ካሜራ፦ ምን ይብራ፣ ምን ይጥፋ የሚለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 በእሳተ ገሞራው ሐይቅ አናት ባለችው ወንጪና በስምጥ ሸለቆዋ ወለንጪቲ፣ ለሁለት መንደር ልጆች የታሸጉ ካርቶኖች ደረሱ። ውስጣቸው ሞቶሮላ ዙም የተባለ ታብሌት ነበር። አስተማሪ አልተመደበም፣ መመሪያም አልተሰጠም። ለአዋቂዎቹ የተነገራቸው በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው። ያመጣቸው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ “ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ” የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ብቻውን ማንበብ ይማር እንደሆነ ለማየት ፈልጎ ነበር። የፊደል ጨዋታውም መጽሐፉም በእንግሊዝኛ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ አንድሮይድን “ሃክ” አደረጉት ብሎ ተናገረ፤ ዓለምም አጨበጨበ። ልጆቹ ያደረጉት ግን የተዘጋ ካሜራ መክፈት ነው። የዘጋው ደግሞ ከራሱ ከኔግሮፖንቴ ወገን የሆነ ሰው ነበር። የታብሌቱ ገጽታ እንዳይቀየርም ተቆልፎ ነበር፤ ልጆቹ ያንንም አልፈው እያንዳንዳቸው በየፍላጎታቸው አሰማመሩት። ስለ ልጆቹ ብልህነት ብዙ ተወራ። ካሜራው ለምን ተዘጋ፣ ማንስ ተጠይቆ ነው የተዘጋው የሚለውን ግን ያነሳው ጥቂት ነው።

ጥያቄው ከአንድ ታብሌት ይሰፋል። አንድሮይድ የተሠራው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ በጀመረው የሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ከርነሉ ከካሜራ፣ ከኔትወርክ ካርድ፣ ከድምፅ ጋር የሚግባባው ድራይቨር በሚባል አስተርጓሚ በኩል ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ዕቃው ቢኖርም የለም። ከርነሉን የሚያዘጋጅ ሰው ስለ እያንዳንዱ ድራይቨር ይጠየቃል፦ ይግባ፣ አይግባ፣ ወይስ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲጫን በሞጁል መልክ ይቀመጥ? መልስ ካልሰጠ የተለመደው “አይግባ” ነው። የከርነሉ መመሪያም አዲስ ድራይቨር በራሱ እንዳይበራ ያዛል፤ ሁሉም ሰው ይኖራል ብሎ የሚጠብቀው፣ ለምሳሌ ኔትወርክ፣ ሲሆን ብቻ ነው የሚፈቀደው። እያንዳንዱ ሠሪ የኔ ይብራ ቢል ከርነሉ ሆዱ ያብጣልና።

እንደ ኡቡንቱ ያሉት ግን የማን ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫኑ ስለማያውቁ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በሞጁል ይዘው ይዞራሉ። የስልክ ፋብሪካ በተቃራኒው የገጠመውን ዕቃ ስለሚያውቅ የዚያን ብቻ አስገብቶ ሌላውን ይተዋል።

አሮጌውን የመተው ውሳኔም አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ከርነሉ የ386 ፕሮሰሰርን ድጋፍ አቋረጠ። የሚያስገርመው ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጻፈው በዚያው በ386 መሆኑ ነው፤ እሱ ግን አላዘነለትም። በ2019 ደግሞ የፍሎፒ ድራይቨር ተንከባካቢ አጣ፤ የሚሠራ ፍሎፒ ማግኘት ራሱ አስቸጋሪ ሆኖ ነበርና። ለሠሪዎቹ ይህ ቤት ማጽዳት ነው። ኮምፒውተር አርጅቶ በእርዳታ ለሚደርሰው አገር ግን ያ “ቆሻሻ” ገና አገልግሎት ላይ ያለ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ወደ ወንጪ እንመለስ። ልጆቹ ከርነል አልሠሩም። የካሜራው ድራይቨር ከከርነሉ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የፈለገውን ያህል ቢነካኩት ካሜራው አይነሳም ነበር። አስተርጓሚው ውስጥ ተቀምጦ፣ በሩ ብቻ ከላይ ተዘግቶ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የሊኑክሱ “አይግባ” ባለቤቱ ሲፈልግ የሚቀይረው መልስ ነው፤ የታብሌቱ መዝጊያ ግን ለባለቤቱ ቁልፍ ያልተሰጠበት ነበር። ኔግሮፖንቴ የራሱን ሰዎች ስህተት በልጆቹ ጀግንነት ሸፈነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ በሃዲያ ዞን፣ በጊቤ ወረዳ፣ ሆመቾ ላይ አንድሮይድ ስልክ የሚገዛ ሰው ይህ ሁሉ ተወስኖለት ነው የሚገዛው። የሊኑክስ ከርነል ፈቃድ፣ ጂፒኤል ስሪት 2፣ ከርነሉን በስልክ ውስጥ የሚሸጥ ፋብሪካ የቀየረውን ጨምሮ ምንጩን ለገዢው እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በሕግ ረገድ የሆመቾው ገዢ ከካሊፎርኒያው እኩል መብት አለው። ብዙ ፋብሪካዎች ግን ምንጩን ያዘገያሉ ወይም ጭራሹን አይሰጡም፤ ሲሰጡም ስልኩ የተቀየረ ከርነል እንዳይቀበል የማስነሻውን በር ይቆልፉታል። ሻጩም ስለዚህ ተጠይቆ አያውቅም። የሚጠየቀው ስንት ሲም ይይዛል፣ ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል ተብሎ ነው።