ርስትና ይርጋ፦ የሰሜን ስሪላንካ ሙስሊሞች የመመለስ ጥያቄ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ሕግ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1168ኛው አንቀጹ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት በእጁ አድርጎ አሥራ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ግብሩን የከፈለ ሰው የንብረቱ ባለሀብት ይሆናል ብሎ ጽፏል። ይህ ይርጋ የሚባለው ነገር ክፋት የለውም። ሰው ንብረቱን ጥሎ ከጠፋ ሌላው ሊሠራበት ይገባል፤ ክርክርም አንድ ቀን ማብቃት አለበት። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ንብረቱን ጥሎ የጠፋ ሳይሆን በጠመንጃ አፈሙዝ የተባረረ ሲሆን ነው። ይርጋ የሚቆጥረው ዓመቱን ነውና።

በስሪላንካ ሰሜናዊ ክፍለ ሀገር ይኖሩ የነበሩ ሙስሊሞች ታሪክ ይህን ጥያቄ ከማውቃቸው ሌሎች ታሪኮች ሁሉ አጥብቆ ያነሣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ታሚልኛ ነው። በጃፍና ከተማ ነጋዴና ልብስ ሰፊ፣ በማናር ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ሆነው ከታሚል ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ገበያ ሲገበያዩ ኖረዋል። ሆኖም ራሳቸውን የሚቆጥሩት በሃይማኖታቸው እንደ አንድ የተለየ ሕዝብ ነው። ነፃ የታሚል አገር ለመመሥረት ይዋጉ የነበሩት የታሚል ነብሮች ይህን መለየት በጥርጣሬ ዓይን ተመለከቱት። በ1990 በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በታሚሎችና በሙስሊሞች መካከል ደም ፈሰሰ፤ በነሐሴም ነብሮቹ ካታንኩዲ በምትባል ከተማ በመስጊድ የሚሰግዱ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገደሉ። በጥቅምት ወር የሰሜኑ ተራ ደረሰ።

ጥቅምት 30 ቀን 1990 በጃፍና ከተማ የሙስሊሞች ሰፈር ታጣቂዎች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ነዋሪውን ሜዳ ላይ እንዲሰበሰብ አዘዙ። የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነበር። በማናር የተሰጠው ጊዜ ረዘም ያለ፣ ሁለት ቀን ያህል ነበር። ይዞ መውጣት የተፈቀደው ገንዘብ ከ500 ሩፒ አይበልጥም፤ በጃፍና ደግሞ ከዚያም ያንስ ነበር። በኬላዎቹ ላይ የሴቶች የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ተፈትቶ ተወሰደ። በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከሰባ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ፣ ማለትም ነብሮቹ በያዙት የሰሜን ምድር የነበረው ሙስሊም በሙሉ፣ ወጣ። ከማናር ደሴት የወጡት በጀልባ ወደ ካልፒቲያ ተሻገሩ። ብዙዎቹ የሰፈሩት ከዚያው ብዙ በማይርቀው በፑታላም አውራጃ ነው፤ ከኮኮናት ቅጠል በተሠሩ ጎጆዎች።

የቤትና የመሬት ሰነዱን ይዞ የወጣው ጥቂቱ ነው። ሁለት ሰዓት የተሰጠው ሰው ልጆቹን ይሰበስባል እንጂ ሰነድ ሲፈልግ አይውልም።

እንግዲህ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ይርጋው መቁጠር የጀመረው። እንግሊዞች በ1871 ባወጡት፣ እስከ ዛሬም በሚሠራበት የስሪላንካ የይርጋ ድንጋጌ፣ ሌላ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ያለ ተቃውሞ አሥር ዓመት በያዘው መሬት ላይ ባለመብት ሊሆን ይችላል። አሥሩ ዓመት በ2000 ሞላ። በዚያን ጊዜ ጦርነቱ ገና እየነደደ ነበር፤ ከፑታላም ተነሥቶ ጃፍና ሄዶ የሚከስ ማን ነበር? ቤቱን የያዙትም ቢሆኑ ሁልጊዜ ቀማኞች አልነበሩም። ነብሮቹ ራሳቸው ያከራዩት ቤት ነበር፤ ከሌላ ቦታ በጦርነት የተፈናቀሉ ታሚሎች የተጠጉበትም ነበር። ተፈናቃይ በተፈናቃይ ቤት ገባ። እዚህ ላይ የአንዱን መብት ለማስከበር ሌላውን ሜዳ ላይ መጣል ሊመጣ ነው፤ ስለ መመለስ በቀላሉ የሚናገር ሰው ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው።

በ2002 ተኩስ ሲቆም የነብሮቹ ዋና ቃል አቀባይ አንቶን ባላሲንጋም ማባረሩ ስህተት እንደነበረ በይፋ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። መሪው ፕራባካራንም ከሙስሊሞቹ ፖለቲከኛ ከራውፍ ሃኪም ጋር ኪሊኖችቺ ላይ ተገናኝቶ ሙስሊሞች እንዲመለሱ ተስማማ። አንዳንዱ ሄዶ ቤቱን አየ። ጣራ የለም፤ በርና መስኮት ተነቅሏል፤ በግቢው ዛፍ በቅሏል። ብዙዎች ያን ጊዜ መሬታቸውን በርካሽ ሸጠው ተመለሱ። ይህን ሽያጭ በፈቃድ የተደረገ ነው ለማለት እኔ በበኩሌ ይከብደኛል።

ጦርነቱ በግንቦት 2009 በነብሮቹ መደምሰስ አበቃ። መንገዱም ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ግን በመንግሥትና በእርዳታ ድርጅቶች መዝገብ ላይ ሁለት ቃላት ብቅ አሉ፦ «አዲስ ተፈናቃይ» እና «አሮጌ ተፈናቃይ»። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል የተፈናቀሉት ሦስት መቶ ሺህ ያህል ታሚሎች አዲስ ተባሉ፤ እርዳታውም በአብዛኛው ወደ እነሱ ሄደ። በካምፕ ታጉረው፣ ቆስለው፣ ዘመድ ቀብረው ስለነበር ቅድሚያ ማግኘታቸው የሚያስወቅስ አልነበረም። ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየው ተፈናቃይ ስለቆየ ብቻ አሮጌ ተብሎ ወደ ኋላ ተተወ።

ከዚያም «ትመለሳላችሁ ወይስ እዚሁ ትቀራላችሁ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ሲሰሙት የቸርነት ጥያቄ ይመስላል። ተጠያቂው ግን መልሱ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ተመላሽ ተብሎ እርዳታ ለማግኘት ከፑታላም መዝገብ መፋቅ አለበት፤ በፑታላም ነዋሪነት ከተመዘገበ ደግሞ በሰሜን ስሙ ይጠፋል፤ የሰሜን ባለሥልጣናትም «አንተማ ቤት አለህ» ይሉታል። የዓለም ባንክ በ2007 በፑታላም ለተፈናቃዮች ቤት መሥሪያ 32 ሚሊዮን ዶላር ሲመድብ ብዙዎች በጎጆ ፈንታ የግንብ ቤት አገኙ። ያ ቤት ግን ኋላ እንደማይመለሱ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀስባቸው ጀመር። በሚኖሩበት ሆነው በትውልድ ቦታቸው ድምፅ መስጠት እንዲችሉ የሚፈቅድ ልዩ ሕግ የወጣው በ2013 ነው። ምርጫን በሁለት ቦታ ማስተናገድ ከተቻለ ኑሮን ማስተናገድ ለምን አልተቻለም?

የሰሜን ሙስሊሞች በተለይ በሴት ልጅ ጋብቻ ጊዜ ለሙሽራይቱ ቤት የመስጠት የቆየ ልማድ አላቸው። ስለዚህ በ1990 የጠፋው ቤት የአባትና የእናት መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ የሴት ልጆች መዳሪያም ነበር። በ1990 አንድ ቤተሰብ የነበረው አሁን ሦስትና አራት ሆኗል፤ ቦታው ግን ያው አንድ ነው። የመንግሥት መሬት በፈቃድ የያዙት ገበሬዎች ደግሞ ሌላ አበሳ ነበረባቸው። የ1935ቱ የመሬት ልማት ድንጋጌ፣ ባለፈቃዱ ወራሽ ሳይሰይም ሲሞት፣ በ2022 እስኪሻሻል ድረስ ወንዱን ከሴቷ ያስቀድም ነበር። በልማድ ቤት የሚሰጣት ሴት ልጅ በሕጉ ከወንድሟ ኋላ ቆመች። ሽማግሌው «አገሬ ልሙት» ይላል፤ ፑታላም ተወልዳ እዚያው ትምህርት ቤት የገባች የልጅ ልጁ ጃፍናን የምታውቀው በወሬ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በቅጹ ላይ ግን ያለው አንድ መልስ ብቻ ነው።

ከማናር በስተደቡብ ባለችው በሙሳሊ የተፈጸመው ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ቦታውን የወሰደው ጎረቤት ሳይሆን ጫካ ነበር። ሃያ ዓመት ሰው ያልረገጠው እርሻና ቀዬ ዛፍ አበቀለ። በ2012 መንግሥት በአካባቢው ያለውን መሬት ጥብቅ ደን ብሎ በአዋጅ አስገባ፤ ተመላሾች መሬት ሲመነጥሩ ኮሎምቦ ውስጥ «የዊልፓቱ ብሔራዊ ፓርክ ተጨፈጨፈ» የሚል ጩኸት ተነሣ። በ2017 ሌላ ሰፊ የደን ክልል ታወጀ። በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት በሰፈራው ምክንያት የተመነጠረው ደን መልሶ እንዲተከል፣ ወጪውንም የቀድሞው ሚኒስትር ሪሻድ ባቲዩዲን እንዲከፍል ወሰነ። ሰውየው ራሱ በ1990 ከማናር ከተባረሩት አንዱ ነው። በሰፈራው ስም ከሚገባው በላይ መሬት ተመንጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ደን መጠበቁም ትክክል ነው። ይሁንና አንዳንዱ ዛፍ ከስደቱ በዕድሜ ያነሰ እንደነበር በጩኸቱ መካከል ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ሕግ አውጪው ስለ ይርጋው የነቃው በ2016 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ልዩ ሕግ፣ በታጣቂዎች ድርጊት ከመሬቱ የተፈናቀለ ሰው ላይ ከግንቦት 1983 እስከ ግንቦት 18 ቀን 2009 ያለው ዘመን አይቆጠርም አለ። ከብዙ መዘግየት በኋላም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው፤ መብቱንም ከመመለሱ ለይቶታል፤ ባለመሬቱ ተመልሶ ሊኖርበት፣ ሊያከራየው ወይም በተገቢው ዋጋ ሊሸጠው ይችላል። ነገር ግን ሕጉ የሰጠው የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ለጠፋ ሰነድ፣ ለሞተ ምስክርና በሌላ አውራጃ ላለ ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት!

ደግሞም ሕጉ የሚናገረው ታጣቂዎች ስላፈናቀሉት ሰው ነው። በሙሳሊ የሲላቫቱራይ ከተማ የሙስሊሞቹን የመኖሪያ ቦታ ይዞ የሰፈረው የመንግሥት ባሕር ኃይል ነው። ባለቤቶቹ ተመልሰው መጥተው ነበር፤ ደጃቸው ላይ ያገኙት የሽቦ አጥርና ዘበኛ ነው።